«ቪዲዮውን እኔ አየሁት፤ ልጃቸው ግን ገና አልሰማም»

ጤና ይስጥልኝ።

የምሠራው መሃል አዲስ አበባ፣ ከብሔራዊ ቴአትር ብዙም ሳይርቅ ነው። እህቴ አሜሪካ ትኖራለች። ሰሞኑን ከጓደኞቿ ጋር ከፍሎሪዳ ተነስተው በትልቅ የመዝናኛ መርከብ ወደ ካሪቢያን ሄደዋል። አንድ ማታ በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ቪዲዮ ለቀቀች። እራት ላይ አንዲት አረጋዊት እናት ወድቀው፣ የመርከቡ ሠራተኞች ከበዋቸው ደረታቸውን ሲጫኑ ያሳያል። ከሥሩ «ሐበሻ ናቸው፤ ጸልዩላቸው» ብላ ጽፋለች። ፊታቸው ለትንሽ ይታያል። ወዲያው አወቅኋቸው። የአንድ ባልደረባዬ እናት ናቸው። አሜሪካ ያለች እህቱን ሊጠይቁ እንደሄዱና ከእሷ ጋር በመርከብ እንደሚጓዙ እሱ ራሱ ነግሮኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሊፍት ላይ ተገናኘን። እንደወትሮው እየሳቀ «እንዴት አደርሽ?» አለኝ። እንዳልሰማ ገባኝ። አፌ ተሳሰረ።

ማታውን አክስቴ ቪዲዮው የእድራችን ግሩፕ ላይ መድረሱን ነገረችኝ። እህቴ ደግሞ ተናዳለች። «ሪሴፕሽን ሄደን ሴትዮዋ ተረፉ ወይ ብንል አንነግርም አሉን። ምን ይደብቃሉ?» ትላለች። እኔ ምን ላድርግ? ለልጁ ልንገረው ወይስ ዝም ልበል?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። እህቴ ለሚቀጥለው ክረምት እናታችንን በእንዲህ ዓይነት መርከብ ልትወስዳት አስባለች። እናቴ ደም ግፊትና ስኳር አለባት። ከዚህ በኋላ ፈራሁ። መርከብ ላይ ሐኪም አለ? ብትታመምስ እኛ እንዴት ነው የምንሰማው?

ዝምታው የከበዳት

ውድ እህቴ፣

የመጀመሪያውን ጥያቄሽን ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት በስልክ መልሼልሻለሁ። የሚያድር ጉዳይ አልነበረም። እዚህ የማወጣው በአንቺ ፈቃድ ነው። ባልደረባሽንና እናቱን ሊያስለዩ የሚችሉ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ። ነገሩ የብዙ ቤት ጉዳይ ስለሆነ አሁን ሰፋ አድርጌ ልመለስበት።

ለልጁ አትንገሪው ብዬሽ ነበር። አሁንም የምለው ያንኑ ነው። ቪዲዮውንም አታሳዪው። ዝም ብለሽ ተቀመጪ ማለቴ ግን አይደለም። መናገር ያለብሽ ለሌላ ሰው ነው።

እስቲ በእጅሽ ያለውን ነገር አስቢው። የጥቂት ሰከንድ ምስል ነው። ደረታቸው ሲጫን ታይቷል፤ ከዚያ ቪዲዮው ያልቃል። ልብ ሲቆም እርዳታ ባልተሰጠበት እያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድል ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ የሠለጠነ ሰው ሳያመነታ ደረት መጫን ይጀምራል፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ልብን በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚመልሰው ዲፊብሪሌተርም ይመጣል። እንዲህ ተደርጎላቸው ተነስተው ቤታቸው የገቡ ብዙ ሰዎች አሉ። ያልተነሱም አሉ። የቪዲዮው ቀጣይ ክፍል አንቺ ጋ የለም። እህትሽ ጋም የለም። ታዲያ ለልጁ ምኑን ነው የምትነግሪው?

ደግሞ በእኛ አገር እንዴት እንደሚሰማ ታውቂያለሽ። «እናትህን ትንሽ አሟቸው ነበር» ብትዪው እሱ የሚሰማው ሌላ ነው። ስንቱ ሰው «አባትህ ታመዋል፣ ቶሎ ድረስ» ተብሎ ሲደርስ በሩ ላይ ድንኳን ተተክሎ ጠብቆታል! በደግነት የምንሸፋፍነው ነገር ልማድ ሆኗል። ስለዚህ «ታመዋል» የሚለውን ቃል ባሕር ማዶ ላለ ሰው ስንጠቀምበት ሰሚው መርዶ ነው ብሎ ነው የሚቀበለው። አንቺ ያላልሽውን ሰምቶ፣ እናቱ በሕይወት እያሉ ሊያለቅስላቸው ይችላል።

መርዶ ራሱ ሥርዓት አለው። ነጋሪዎቹ ይመረጣሉ። ማለዳ ነው የሚኬደው፣ ሰውየው ከቤት ሳይወጣ። የቅርብ ዘመድ ይኖራል፣ ጎረቤት ይኖራል፣ ልቡ ደካማ ከሆነ የሚደግፈው ይዘጋጃል። ይህን ሥርዓት በጣም እወደዋለሁ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ብቻውን እንዲሰማ አይፈቅድም። ቴሌግራም ግን ይፈቅዳል። አንድ ሰው ሜክሲኮ ላይ ታክሲ ሰልፍ ይዞ ስልኩን ሲከፍት የእናቱን ደረት ሲጫኑ ሊያይ ይችላል። እኔን ያስጨነቀኝ ይኸ ነው። አንቺም ያልተኛሽው ለዚህ ይመስለኛል።

ታዲያ ለማን ነው የምትናገሪው? ለእህትሽ። እህትሽ ደግሞ ከሴትዮዋ ጋር መርከቡ ላይ ላለችው ልጃቸው። በዚያ ሰዓት እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ሐኪሙ የሚያነጋግረው እሷን ነው። ትልልቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች ታማሚ ያለበትን ቤተሰብ የሚረዳ የተመደበ ቡድን አላቸው፤ ስልክ ማስደወል፣ ወደብ ላይ ሆስፒታል ማመቻቸት፣ አውሮፕላን መፈለግ የእነሱ ሥራ ነው። ለወንድሟ መቼና በማን በኩል እንደሚነገረው የምትወስነውም እሷ ናት። ምናልባት ሐኪሙ አንድ ነገር እስኪላት እየጠበቀች ይሆናል። ምናልባትም እናቷ ራሳቸው ነቅተው «ልጄን እንዳታስደነግጪው» ብለዋት ይሆናል።

እህትሽ የክፍላቸውን ቁጥር ሪሴፕሽን ብትጠይቅ አይሰጧትም። ወረቀት ጽፋ ብትተውላቸው ግን ሊያደርሱላት ይችላሉ። እንዲህ ትጻፍ፦

«እራት ላይ የነበርኩ ሐበሻ ነኝ። በድንጋጤ ቪዲዮ ቀርጬ ለቤተሰቤ ልኬ ነበር። አጥፊ ነኝ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አጥፍቼዋለሁ፤ ግን አዲስ አበባ ደርሷል። እህቴ ወንድምሽን ታውቀዋለች፤ እስካሁን የሰማ አይመስላትም። ምንም አልነገረችውም። ምን እንድናደርግ ትፈልጊያለሽ?»

የመጨረሻዋ ጥያቄ ትልቅ ነገር ናት። ልጅቷ «እባካችሁ ዝም በሉ» ልትል ትችላለች። ወይም «እህትሽ አጠገቡ ካለች ደስ ይለኛል፤ እኔ በስልክ ስነግረው አብራው ትሁን» ትል ይሆናል። ያኔ ሊፍቱ ላይ ያስጨነቀሽ ቅርበት ይጠቅማል። ሳትጠየቂ የምታደርጊውና ተጠይቀሽ የምታደርጊው አንድ አይደለም።

እስከዚያው ባልደረባሽ ራሱ ሰምቶ «አንቺም አውቀሽ ነበር?» ቢልሽ አትዋሺው። «የሆነ ነገር መኖሩን ሰምቻለሁ፤ እውነቱን የምታውቀው እህትህ ናት። ና ቁጭ እንበልና ደውልላት፣ አብሬህ ነኝ» በይው። ከዚያ ባዶ ክፍል ፈልጊለት። ውኃ አምጪለት። ከፈለገ ብቻ አጠገቡ ሁኚ።

ስለ ቪዲዮው ደግሞ እህትሽ አሁኑኑ ታጥፋው። ቴሌግራም ላይ የላከችውን ከሁሉም ሰው ስልክ እንዲጠፋ አድርጋ ማጥፋት ትችላለች። ፎርዋርድ የተደረገው ግን በዚህ አይጠፋም። እሱን በሰው በሰው መከተል ነው። አክስትሽ የእድሩን ግሩፕ የሚያስተዳድረውን ሰው በግል ታነጋግር። ግሩፑ ላይ ብትጽፍ ያላየው ሁሉ ወደ ላይ ወጥቶ ይፈልገዋል። «በቪዲዮው ላይ ያሉት እናት ቤተሰባቸው ገና አልሰማም፤ እባክህ አጥፋው» ብትለው ይበቃል። ስማቸውን ግን አትጥራ። የልጁንም መሥሪያ ቤት አትናገር። እንዲጠፋ ስንለምን ማን እንደሆኑ ካስታወቅን ትርፉ ምንድን ነው?

አሁን ወደ እህትሽ ልምጣ። ክፉ ሰው ናት ብዬ አላስብም። «ጸልዩላቸው» ብላ የጻፈችው ከልቧ ነው። ግን «ሐበሻ ናቸው» የሚለውን ተመልከቺው። እንዲህ ያለ መርከብ ላይ 3 ሺህ፣ 4 ሺህ ተሳፋሪ ይኖራል። ከነዚያ ሁሉ መካከል ሐበሻ የሆኑ አረጋዊት እናት ስንት ናቸው? በአንድ ቃል ሺሁን ሁሉ አስወጥታ እሳቸውን ብቻ አስቀረች። የእኛ ሰው ደግሞ ይተዋወቃል። ከሜሪላንድ እስከ ካዛንቺስ ሁለት ስልክ ነው። ለጸሎትም ቢሆን ፊት አያስፈልግም። ቄሱ የሚጠይቁት የክርስትና ስም ነው፤ እሱን ደግሞ የሚሰጠው ቤተሰብ ነው።

ሪሴፕሽኑ ላይ የተናደደችውን ግን አልደግፋትም። ጭንቀቷ ይገባኛል። «አንነግርም» ያላት ሠራተኛ ግን እነዚያን እናት እየጠበቀቻቸው ነበር። ነገ በእናንተ እናት ላይ ቢደርስና አንድ የማታውቁት ሰው መጥቶ «ያቺ ጥቁር ሴትዮ ምን ሆና ነው? ሞተች?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ምን እንዲመለስለት ነው የምትፈልጉት?

መርከብ ላይ ይህ ነገር ከመጀመሪያው የታሰበበት ነው። ሰው ሲወድቅ በድምፅ ማጉያ «አልፋ፣ አልፋ፣ አልፋ» ተብሎ ቦታው ሲጠራ ይሰማል። በብዙ መርከቦች ይህ የሕክምና ጥሪ ነው። ሌሎች «ብራይት ስታር» ይላሉ። አጠራሩ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። በኮድ የሚጠራው መሮጥ ያለበት ሰው ብቻ እንዲሮጥ ነው። ሌላው ተሳፋሪ ተደናግጦ ኮሪደሩን ቢዘጋው አልጋው በየት ያልፋል?

ካፒቴኑ መርከቡን ወደ ሌላ ወደብ ማዞር ካለበትም ለተሳፋሪው ይናገራል። «በአስቸኳይ የሕክምና ጉዳይ ምክንያት አቅጣጫ ቀይረናል፤ ነገ በዚህ ሰዓት እንደርሳለን» ይላል። ስም የለም፣ የክፍል ቁጥር የለም። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ታማሚን በሄሊኮፕተር ከመርከብ ሲያነሳ ለዜና የሚሰጠው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜና ጾታ ነው። ተላላፊ በሽታም ሲሆን ያው ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ወደ አገሩ ወደቦች የሚገቡ የመዝናኛ መርከቦችን ንጽሕና የሚከታተል ፕሮግራም ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለው። ከተሳፋሪው ወይም ከሠራተኛው 3 በመቶ ያህሉ በተቅማጥና በትውከት ሲታመም የመርከቡን ስምና የታማሚውን ቁጥር ለሕዝብ ያወጣል። የታማሚ ስም አያወጣም። በ2020 እ.ኤ.አ. ዮኮሐማ ላይ የቆመችውን ዳይመንድ ፕሪንሰስን ታስታውሺያለሽ። 3,711 ሰው ነበረባት፤ 712ቱ ኮሮና ተይዘዋል። ዓለም ሁሉ ቁጥሩን ይከታተል ነበር። ይህን ያህል ሰው የተነጋገረበት ነገር እንኳ የእያንዳንዱን ታማሚ ስም አልፈለገም።

እኔ በዚህ አምናለሁ። አንድ ተሳፋሪ እሱን የሚነካውን ነገር የማወቅ መብት አለው። ወደቡ ከተሰረዘ ይነገረው። የሚይዝ በሽታ ካለ ይነገረው፤ እጁን ይታጠብ፣ ልጁን ይጠብቅ። ማን እንደወደቀ፣ በምን እንደወደቀ፣ ተርፎ እንደሆነ ግን የወደቀው ሰውና የቤተሰቡ ነው። እህትሽ ስለ ሴትዮዋ ተጨንቃ ማደሯ የሰው ልብ ስላላት ነው። መጨነቅ ግን መረጃ የማግኘት መብት አይሰጥም።

መርከብ ደግሞ ከሆቴልም ይለያል። የወደቀውም፣ ያየውም፣ የቀረጸውም ለቀናት አብረው ነው የሚኖሩት። ሴትዮዋ ተሽሏቸው ከሆነ ነገ ቁርስ ላይ ይመጣሉ። ትናንት ልብሳቸው ተከፍቶ ደረታቸው ሲጫን የቀረጸ ሰው ከፊታቸው ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ ከቤት የማይወጡ እናት ናቸው እኮ።

ስልክ ማውጣት ከነውርም አልፎ ለአደጋ የሚዳርግበት ጊዜ አለ። ሄሊኮፕተር ሲመጣ የላይኛው ፎቅ ይለቀቃል። የሄሊኮፕተሩ ነፋስ ፎጣውንም ወንበሩንም ያነሳዋል። ታማሚው በገመድ የሚሳበው አብራሪው መርከቡ አናት ላይ እያንዣበበ ነው። በጨለማ የካሜራ ፍላሽ ዓይኑን ሊወጋው ይችላል። «ፎቶ አታንሱ» የሚባለው ለዚህም ጭምር ነው።

እዚህ መሃል ከተማም ከዚህ የተሻልን አይደለንም። ስታዲየም አካባቢ ሰው ሲወድቅ እንዴት እንደምንከብ አይተሽ ይሆናል። የሚቀርጽ አይጠፋም። ያ ስልክ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ለመጥራት 907 ቢደውል፣ ወይም የከተማውን እሳትና አደጋ መከላከያ በ939 ቢጠራ ሰው ያድናል። አንዱ ይደውል፣ አንዱ ደረት ይጫን፣ የቀረው ጀርባውን ሰጥቶ በነጠላ ይከልል። በተለይ ሴት ስትወድቅ እናቶቻችን ሮጠው በነጠላ ይከልሏት ነበር። ማንም ሳያስተምራቸው።

ሕጉስ? ይኸም ከባዕድ የመጣ ነገር እንዳይመስልሽ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትና ማባዛት ይከለክላል። በሕዝብ ፊት ለተፈጸሙ ወይም የሕዝብ ጥቅም ላላቸው ነገሮች ደግሞ የተለየ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ተከራካሪ አይጠፋም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ወጥቷል። የሐኪም ምስጢር ጠባቂነት የሚያስረው ግን ሐኪሙን ነው፤ አብሮ የተሳፈረን ሰው አይደለም። መርከቡ ደግሞ ባንዲራው ባሃማስ ወይም ፓናማ ወይም ማልታ ሊሆን ይችላል። ሕግ ፍለጋ ከመሄድ ቴሌግራሙን ማጥፋት ይቀላል።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ እናትሽ እሄዳለሁ። የእድሩ ሰዎች ወሬውን ሰምተዋል። ቤተሰቡ ራሱ ሲያሳውቅ ለመጠየቅ ይሄዳሉ። መሄዳቸው ጥሩ ነው። ታማሚ የማይጠይቅ ሰፈር እንዲኖረን አልመኝም። ግን ሲሄዱ «ቪዲዮውን አይተን እንዴት እንደደነገጥን!» ብለው እንዳይጀምሩ። «እግዜር ይማርዎት» ብለው ይቀመጡ። ምን እንደሆኑ ከፈለጉ ራሳቸው ይናገራሉ። ካልፈለጉ ስለ ጉዞው፣ ስለ ልጅ ልጆቹ ይጫወቱ።

እናትሽን በተመለከተ፣ አዎ፣ ሐኪም አለ። የባሕርተኞች የሥራ ስምምነት የሚባለው የ2006 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ስምምነት 100 ሰውና ከዚያ በላይ የያዘና ከሦስት ቀን በላይ በዓለም አቀፍ ጉዞ የሚቆይ መርከብ ብቁ ሐኪም እንዲይዝ ያስገድዳል። በትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች ሐኪሞችና ነርሶች ቀንና ሌሊት ተረኛ አላቸው። ክሊኒኩ ብዙውን ጊዜ ከታችኛው ፎቆች በአንዱ ላይ ነው። እዚያ መወዛወዙ ይቀንሳል፣ ታማሚን ወደ ወደብ ለማውረድም ይቀርባል። የልብ ምርመራ፣ ኤክስሬይ፣ የደም ምርመራ፣ ዲፊብሪሌተር፣ የመተንፈሻ መሣሪያ ይኖረዋል። እንደ ጥቁር አንበሳ ያለ ሪፈራል ሆስፒታል ግን አይደለም። ሥራው ታማሚውን አረጋግቶ ወደ ምድር ማድረስ ነው። ሐኪሙ ሲቸገር በሳተላይት የብስ ላይ ያሉ ስፔሻሊስቶችን ያማክራል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሮም ላይ ለመርከቦች በሬዲዮ የሕክምና ምክር የሚሰጥ ማዕከል የተቋቋመው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቱም የሬዲዮው ማርኮኒ ነበር።

መድኃኒቷን በእጅ ቦርሳዋ ትያዝ። ትልቁን ሻንጣ ወደብ ላይ ይቀበሉና ክፍል ድረስ የሚያመጡት ከሰዓታት በኋላ ነው፤ የስኳር ሰው መድኃኒቱን ያን ያህል ሰዓት ማጣት የለበትም። ከጉዞው ቀናት ትርፍ አድርጋ ትያዝ። ሐኪሟ የመድኃኒቶቹን ስምና መጠን፣ ያለባትን በሽታ፣ የማይስማማትን መድኃኒት በእንግሊዝኛ በአንድ ወረቀት ይጻፍላት። የጉዞ መድን ግዙላት፤ በሄሊኮፕተር ወይም በአውሮፕላን ማመላለስን የሚሸፍን መሆኑንም አንብባችሁ አረጋግጡ። የመርከቡ ሕክምና በነፃ አይደለም። ሒሳቡ ወደ ክፍሉ ሒሳብ ነው የሚገባው። ታማሚ ሌላ አገር ወደብ ላይ ሊወርድ ስለሚችልም ቪዛዋ አሜሪካ መልሶ የሚያስገባ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከወረደች እህትሽ አብራት ትወርዳለች። ፓስፖርቱም መድኃኒቱም አብረው ይወርዳሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማስብበት ግን ቋንቋው ነው። እናትሽ እንግሊዝኛ አትችል ይሆናል። ሐኪሙ «አስተርጓሚ አለ?» ሲል እህትሽ ትቆማለች። እናት ደግሞ በልጇ ፊት ሁሉን አትናገርም። መድኃኒቱን ካቆመች ሳምንት ሆኗት ይሆናል። ከሆዷ በታች ያለውን ሕመም ለማንም ተናግራ አታውቅ ይሆናል። እህትሽ ከአንዳንዱ ጥያቄ በፊት «እማዬ፣ ልውጣልሽ?» ትበላት። በስልክ የሚያስተረጉም ባለሙያ ማግኘት ይቻል እንደሆነም ሐኪሙን ትጠይቀው።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሠራተኞቹ ከተሳፋሪው መካከል አማርኛ የሚያውቅ ሰው ፈልገው ሲያመጡ ነው። ያ ሰው የሚጠራው በቅንነት ነው፣ የሚመጣውም በቅንነት ነው። ግን የማታውቀው የአገሯ ሰው የሴትየዋን ምስጢር ሁሉ ይሰማል። ስንት እናቶች ስኳራቸውን እንኳ ከጎረቤት ደብቀው ይኖራሉ! የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢሆንስ? እንዲህ ተጠርታችሁ የምታውቁ ወይም የምትጠሩ አንባቢዎች፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ። እዚያ ክፍል ውስጥ የሐኪሙ ምላስ ናችሁ። የሰማችሁት ሐኪሙን የሚያስረውን ያህል እናንተንም ይሰራችሁ። ለባላችሁ፣ ለሚስታችሁ፣ አብሯችሁ ለተሳፈረው ጓደኛ አትናገሩት። ስትወጡ «ምን ሆና ነው?» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይኖራል። «እየረዷት ነው» በሉትና እለፉ።

እናታችን ብትታመም እንዴት እንሰማለን ላልሽው፣ ቲኬት ሲቆረጥ ወይም ከመሳፈር በፊት የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ስምና ስልክ ይሞላል። አብሯት የሌለ ሰው የሚጠራው በዚያ ነው። ብዙ ጊዜ ልጆች እናታቸውን ሳይጠይቁ የራሳቸውን ስም ይጽፋሉ። እናንተ ግን ጠይቋት። ቡና እየጠጣችሁ፣ ሳታስደነግጧት፦ «እማዬ፣ መንገድ ላይ ብታመሚ ለማን እንድንነግርልሽ ትፈልጊያለሽ?» «ለልጆቼ ሁሉ ንገሩ፣ ለእድሩ ግን እስክድን ዝም በሉ» ልትል ትችላለች። «ለታናሽ ወንድማችሁ እንዳትነግሩት፣ አይችልም» ልትልም ትችላለች። አንቺ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሆነሽ ቀድሜ ካልሰማሁ ብትዪ እሷ የምትለውን መቀበል አለብሽ። ያለችውን እህትሽ ትያዘው፤ ቅጹ ላይ የሚገባውን ስምም እናትሽ ራሷ ትምረጥ።